የትኛው ሁለት ሰዓት

በሜይ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዩታ ውስጥ ካናብ በምትባለው ከተማ፣ በኖላ ሃስከል የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። ወደ ታች ሰባት ረድፍ፣ ወደ ጎን ስምንት ዓምድ አለው፤ መስመሮቹ ሁሉ በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው። በሴፕቴምበር ቤተሰቡ በፓወል ሐይቅ ላይ በቤት ጀልባ ለሚያሳልፈው ሳምንት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል፦ ሃያ አንዱን ምግብ ማን እንደሚያበስል፣ ጣሪያው ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደሚተኛ፣ የበረዶ ሣጥኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈቱ፣ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃው መስታወት ሆኖ ሲተኛ በስኪ፣ ውሃ ላይ በሚያንሸራትተው ሳንቃ፣ ከጀልባ ኋላ ማን ቀድሞ እንደሚጎተት። ሁለት ቦታዎች ብቻ ባዶ ነበሩ። ባንዱ ራስ ላይ «መልህቅ» ይላል፤ በሌላው «የስኪ ጀልባ ነጂ»።

ሁለቱም ሥራዎች ላለፉት ስምንት ዓመታት የባሏ የቨርን ነበሩ። ቨርን ግን በማርች ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ሐኪሙ እስከ ገና ድረስ ጀልባ እንዳይነዳና ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል። መልህቁ ቀልድ አይደለም። የቤት ጀልባ ውሃ ላይ የቆመ ግድግዳ ማለት ነው፤ ዳር ላይ አሸዋውን እስከ ወገቡ ቆፍሮ መልህቁን የሚቀብር ሰው ከሌለ፣ ነፋስ ሲመጣ ከነተኙት ሰዎች ነድቶት ይሄዳል።

«እኔን ከትራሶቹ ጋር ጫኚኝ፤» አለ ቨርን ዳቦውን እያላመጠ።

«ዳክስስ?» አለች ኖላ። ዳክስ የልጃቸው የሼልቢ ባል ነው።

ሼልቢ ሳቀች። «እማ፣ የኔ ባል እኮ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥም ያቅለሸልሸዋል። ባለፈው ዓመት መልህቁን ሲወረውር ገመዱን አላሰረውም ነበር።»

«አስታውሳለሁ። መልህቁ አሁንም እዚያው ነው።»

«እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው። ስሙን ልጥራው ወይስ አሁንም ክልክል ነው?»

ኖላ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። «ላይል ከተጻፈ የምንነሳው ረቡዕ ነው፤ ቅዳሜ አይደለም።»

«የመጣ ቀን ይምጣ!»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ማን ከለከለው?»

ቨርን ሳህኑን ብቻ ነበር የሚያየው።

ላይል የኖላ ታላቅ ወንድም ነው፤ በስድስት ዓመት ይበልጣታል። በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ ከተማ ይኖራል። ዕድሜውን የባቡር ፍሬን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ቤተሰቡን ሁሉ፣ ኖላንም ጭምር፣ ስኪ ላይ ያቆመ እሱ ነው። ግን ሰዓት አያውቅም። ለገዛ ሠርጉ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አርፍዷል። ኖላ በተቃራኒው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወረዳውን የውሃ ጉድጓዶች ጥልቀት ስትለካ የኖረች ሴት ናት። የብረት ሜትሯን ወደ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ታወርድ ነበር፤ ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ሦስተኛ ጊዜ።

ሁለቱን ያለያያቸው የአንድ ጠዋት ነገር ነው። የጀልባ ማቆሚያው ያለው አሪዞና ውስጥ ነው፤ የሐይቁ ትልቁ ክፍል ግን ዩታ ነው። በሙቀቱ ወራት ዩታ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ አሪዞና አትነካውም። ስለዚህ በሐይቁ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት አለ፣ ሁልጊዜም የሚያረፍድ ሰው አለ። የኖላና የላይል አባት አልደን ለዚህ መላ ነበረው። ጀልባው ላይ የወጣ ሁሉ ሰዓቱንና ስልኩን ቆርቆሮ ውስጥ ያስገባል፤ ሰዓት የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚይዘው የማቆሚያውን ሰዓት ነው። አልደን እስከሞተበት ዓመት ድረስ ሰዓት ያዡ እሱ ነበር።

አልደን ከሞተ በኋላ አመዱን ሐይቁ ላይ ሊበትኑ ተሰበሰቡ። መነሻው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተባለ። ሰዓት ያዥ ኖላ ሆነች። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ላይል አልመጣም። አርባ ደቂቃ ጠበቁት። ነፋስ እንደሚነሳ ተነግሮ ስለነበር ሄዱ፤ አባታቸውንም ያለ እሱ በተኑት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ወደሚሠራበት ሲወጡ ላይል ደውሎ፣ ከሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሞ እንደደረሰ፣ ባዶ ማሰሪያ ላይ እንደቆመ ነገራት። «በዩታ ሰዓት ሄዳችሁ ነው፤» አላት። ኖላም፣ እሷን ስለ መለካት የሚያስተምራት ለሠርጉ ያረፈደ ሰው እንዳልሆነ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ቢያንስ አያቴ ወዳለበት እንሂድ፤» አለች ሼልቢ ወረቀቱን ወደ ራሷ እያዞረች። «ልጆቼ ቦታውን አይተውት አያውቁም። የት ነበር?»

ኖላ የየዓመቱን የጉዞ መዝገብ በመደርደሪያው ላይ በተራ ታስቀምጣለች። የዚያን ዓመቱን ግን ከፍታው አታውቅም። አወረደችውና ገጹን ፈለገች። ከገጾቹ መካከል አንድ ቢጫ ካርድ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከማቆሚያው የሚወጣ ጀልባ ሁሉ የሚወስደው ካርድ ነው፤ ሲወጡና ሲመለሱ በሩ ላይ ያለው ማሽን ሰዓቱን ይመታበታል። ማንም አንብቦት አያውቅም።

ኖላ አነበበችው። ከዚያ መዝገቡን አነበበች። በገዛ እጅ ጽሕፈቷ «2፡40 ተነሳን። ላይል የለም።» ይላል። ካርዱ 1፡40 ይላል።

«እማ? አገኘሽው?»

«ቆዪ።»

የመመለሻውን ቀን ፈለገች። በመዝገቡ 5፡10። በካርዱ 4፡10።

የእጅ ስህተት አንዴ በሦስት፣ አንዴ በሰባት እየተበታተነ እንደሚመጣ ኖላ ከጉድጓዶቹ ታውቃለች። ሁለት ጊዜ ልክ እኩል የሆነ ስህተት የመሣሪያ ነው። ይሄ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ ነው። ያን ቀን በእጇ የነበረው መሣሪያ ስልኳ ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ፤» አለችው ቨርንን።

«ወዴት?»

«ሦስተኛ ልለካ።»

እስከ ማቆሚያው ሰባ አራት ማይል ነው። ኖላ ስልኳን በማቆሚያው ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያይታ፣ ያኔ ጀልባቸው ታስሮ በነበረበት ጫፍ ላይ ቆመች። ስልኩና ግድግዳው ተስማምተው ነበር። ኤልሮይ ናካይ ገመድ እየጠቀለለ መጣ። ኤልሮይ በማቆሚያው ላይ ሃያ ዓመት የሠራ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ከናቫሆ ወገን የሆነ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ኖላ፣ የእናንተ ሳምንት በሴፕቴምበር ነው። ያን ያህል መቅደምስ ጥሩ አይደለም።»

«ስልኬን እያየሁ ነው።»

«ምን ያደርጋል ብለው?»

«ይዘላል ብዬ።»

ኤልሮይ ሳቀ። «እዚህ ጫፍ ላይ? ይዘላል እንጂ! ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን የዩታን የስልክ ማማ ይይዛል፣ ሲመለስ የአሪዞናን። እኔ ስልክ አላምንም። የኔ ቤት ደግሞ በናቫሆ ምድር ነው፤ እዚያ በዩታ ሰዓት ነው የምንሄደው። ሁልጊዜ ከቤቴ ከመውጣቴ በፊት ሥራ ቦታ እደርሳለሁ። አለቃዬ ይወደኛል፣ ሚስቴ ግን ማታ ላይ ሁልጊዜ አመሸህ ትለኛለች።»

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ስልኩ ዘለለ። ማንም ሳይነካው ዘጠኝ ሰዓት ከአስራ ሁለት የነበረው አስር ሰዓት ከአስራ ሁለት ሆነ። ኖላ ቁጥሩን አየችው፣ ግድግዳውንም አየች፣ ከዚያ የገመድ ማሰሪያው ብረት ላይ ተቀመጠች።

ጀልባው የተነሳው ከቀጠሮው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ነበር። ላይል ከአስራ አምስት ደቂቃ በኋላ ደርሷል፤ ቀጠሮው ሊሞላ ገና አምስት ሲቀረው። ስምንት ዓመት ሙሉ የተበደለችው እሷ እንደሆነች ታምን ነበር፤ በየዓመቱም ይቅርታ እንዲጠይቃት ትጠብቅ ነበር። አሁን ሐይቁ ፊት ቁጭ ብላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወንድሟ በሴፕቴምበር እዚያ ጀልባ ላይ እንዲገኝ። መልህቁን ቨርን አንድ ሰው ቀጥሮ ያስቀብራል። እሱ አልነበረም ነገሩ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የምትናገረውን በአምስት ነጥብ ጽፋ ደወለች።

«ማን ሞተ?» አለ ላይል።

«ማንም አልሞተም።»

«ቨርን ነው አይደል? ዓይኑን ሰምቻለሁ።»

«ቨርን ጓሮ ውስጥ ከውሻው ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። ላይል፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እስክጨርስ እንዳታቋርጠኝ።»

«ስንት ነጥብ ነው?»

«አምስት።»

«በይ።»

«አንደኛ። አባባን የበተንን ቀን ጀልባው የተነሳው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። አንተ በሰዓቱ መጥተሃል። ጥዬህ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

የቀሩት አራት ነጥቦች ስለ ካርዱ፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ስልኩና ስለ ማማው ነበሩ። ወረቀቱን ሳታይ በቃሏ ነገረችው።  

«ስምንት ዓመት፤» አለ ላይል።

«በሴፕቴምበር ስምንት ይሞላል፤ አሁን ሰባት ከ...»

«ኢንች፤» አላት። ልጅ ሳለች ያወጣላት ስም ነው። «ቁጥሩን ተዪው።»

«እሺ።»

«የዋዜማውን ሌሊት እኮ እዚያው ማቆሚያው አጠገብ፣ ፔጅ ከተማ፣ መኪናዬ ውስጥ ነው ያደርኩት። እንዳላረፍድ። ለአባባ ብዬ በሕይወቴ አንዴ ልቅደም አልኩ። አምስት ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ፤ ከዚያ እንደ ሞኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፤ እናንተ ገና ያልደረሳችሁ መስሎኝ። 'አይ ኖላ፣ ዛሬ ቀደምኩሽ' እያልኩ።»

 «በሴፕቴምበር አባባ ወዳለበት ልንሄድ ነው፤» አለች ኖላ። «ወረቀቱን ልላክልህ?»

«ላኪው። አትላኪው። እኔ እንጃ፣ ኖላ።» ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱን እንደገና ሠራችው። በሁለቱ ባዶ ቦታዎች «ላይል» ብላ ጻፈች። የማክሰኞ እራትንም ከቨርን ወስዳ ለእሱ ሰጠችው፤ በብረት ድስት የሚሠራው ባቄላ ድሮም የእሱ ነበርና። ከዚያ «መነሻ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ 2፡00 የሚለውን በላጲስ አጠፋች። ስለ የትኛው ሁለት ሰዓት ማብራሪያ መጻፍ ትችል ነበር፤ በቀይ ቀለም፣ ከሥሩ አስምራ። እርሳሱን አስቀምጣ ብዕር አነሳችና «ላይል ሲመጣ» ብላ ጻፈች።

ቨርን በደህናው ዓይኑ አጎንብሶ አነበበው። «ይሄ ሰዓት ነው?»

«ነው።»

«ካልመጣስ?»

«አንነሳም።»

ቨርን ከሠላሳ አራት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱን እንደ አዲስ ሰው አያት።

ወረቀቱን ለላይል ላከችው፤ ለአምስት ሳምንት ግን መልስ አልመጣም። በስድስተኛው ከፍላግስታፍ ፖስታ መጣ። ውስጡ የላከችው ወረቀት ራሱ ነበር፤ ደብዳቤ የለም። የማክሰኞ እራት ላይ «ጥቁር ባቄላ» የሚለው ተሰርዞ «ቀዩ፣ ምን ነካሽ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

«ይሄ ይመጣል ማለት ነው?» አለች ሼልቢ በስልክ ሲነበብላት።

«ባቄላው ይመጣል ማለት ነው፤» አለ ቨርን ከጀርባ።

ኖላ ቀይ ባቄላ ገዛች።

በሴፕቴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በማቆሚያው ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዎች የቤት ጀልባው ላይ ነበሩ፦ ኖላ፣ ቨርን፣ ሼልቢ፣ ዳክስና ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው። አምስት የበረዶ ሣጥን፣ ሦስት ጥንድ ስኪ፣ አንድ ነጠላ ስኪ፣ ሁለት የመጎተቻ ገመድ ተጭኗል። ስልኮቹ ሁሉ ቆርቆሮው ውስጥ ገቡ። የኖላም ገባ።

«ሰዓት ያዡ ማነው?» አለ ዳክስ፤ ገና ሳይነሱ ፊቱ ገርጥቷል።

«ማንም።»

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሁለቱ ልጆች የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ለብሰው ላብ አጥምቋቸዋል። ሦስት ሰዓት ላይ ኤልሮይ መጣ።

«ወይዘሮ ኖላ፣ ይሄን ቦታ በአራት ሰዓት ለሌላ ጀልባ እፈልገዋለሁ። በኔ አራት ሰዓት እንጂ በሚስቴ አይደለም። ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ነፋስ አለ፤ ብርቱ ነው ይላሉ።»

«ሰው እየጠበቅን ነው።»

«እመጣለሁ ብሏል?»

ኖላ መዋሸት አትችልበትም። «አላለም።»

ኤልሮይ ሲሄድ ሼልቢ ወደ እናቷ ቀረበች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ስትናደድ እንደዚያ ናት። «እማ፣ እኔ ነኝ ጻፊው ያልኩሽ፣ አውቃለሁ። ግን ስድስት ሰው በአንድ ባቄላ ተስፋ እዚህ ቆመናል። አሁን ካልወጣን ነፋሱ ይይዘናል። ወጥተን መልእክት ብንተውለትስ? ጀልባ አለው፣ ይደርስብናል።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ከስምንት ዓመት በፊትም ነፋስ እንዳለ ተነግሮ ነበር፤ ያኔም መውጣቱ ትክክል ነበር። ኖላ ወደ መኪና መውረጃው አየች። ሁለት ጀልባ ወረደ፤ ሁለቱም የሌላ ሰው ናቸው።

«ከቦታው እንለቅና ውጪ፣ የእንግዶች ማሰሪያው ላይ እንታሰራለን፤» አለች። «እዚያ እንጠብቃለን።»

«እስከ መቼ?»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

 ሼልቢ የልጆቿን ሰደርያ ፈታችላቸው፤ ጭማቂም ቀዳችላቸው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አንድ አሮጌ ሰማያዊ መኪና የስኪ ጀልባ እየጎተተ መውረጃው ላይ ታየ። የተጎታቹ አንዱ ጎማ ይንጫጫል። ከመኪናው የወረደው ሰው ሸሚዙ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ኖላ ከምታስታውሰው ይልቅ ጠጉሩ ነጭ ነው፤ ሲራመድ ደግሞ በግራ ጉልበቱ ያነክሳል።

ወደተዛወሩበት የእንግዶች ማሰሪያ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ጀልባው መኖሩን ያመነ አይመስልም ነበር።

«አረፈድኩ፤» አለ ላይል። «የተጎታቹ ኩሽኔታ መንገድ ላይ ተቃጠለ። ብደውል ብደውል ሁላችሁም ቆርቆሮ ውስጥ ናችሁ። ሄደዋል ብዬ ልመለስ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መኪናውን አዙሬያለሁ።»

«ወረቀቱን አላነበብከውም?» አለች ኖላ።

«ባቄላውን አነበብኩ።»

ወረቀቱን ከጀልባው ግድግዳ ነቅላ ሰጠችው። ጣቷን ቦታው ላይ አደረገች። ላይል መነጽሩን ፈልጎ አደረገና አነበበ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«አላረፈድክም፤» አለችው። «በሰዓቱ ነህ።»

«ይሄን በብዕር ነው የጻፍሽው?»

«በብዕር።»

ላይል በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ፤ ግራሶው ከጉንጩ እስከ ጆሮው ተሠመረ። ከዚያ እህቱን ከነግራሶው አቀፋት። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። እሷም አቀፈችው።

«መልካም፣ መልካም፤» አለ ቨርን ከላይ። «ነፋሱ ግን ወረቀት አያነብም።»

የላይልን ጀልባ አውርደው ከቤት ጀልባው ኋላ እስኪያስሩ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አምስት ሰዓት ከአስር ላይ ነፋሱ መጣ። በዕቅዱ መሠረት ያን ቀን ሃያ ሁለት ማይል መሄድ ነበረባቸው፤ ስድስት ሄደው ማንም የማይመርጠው ዳርቻ ላይ ቆሙ፤ ጠፍጣፋ ነው፣ እሾህ ብቻ ነው የበቀለበት። ላይል አካፋውን ይዞ ወረደ። ኖላም ተከትላው ወረደች።

«ገመዱ ከጀልባው ጎን በአርባ አምስት ዲግሪ መውጣት አለበት፤» አለችው።

«እኔ ይሄን ስቀብር አንቺ ገና ጥርስ ታበቅዪ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ነው የምትበልጠኝ።»

«ቀድሜ ጀምሬያለሁ።» እስከ ጉልበቱ ቆፍሮ አረፈ። ቀና ሳይል «አባባን የት ነው ያደረጋችሁት?» አላት።

«የመዳብ ክንድ የምንለው ሸለቆ ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ። ያኔ ሠላሳ አንድ ጫማ ውሃ ነበረው። ሐይቁ ከዚያ ወዲህ አርባ አራት ጫማ ወርዷል።»

ላይል አካፋውን እንደያዘ አሰበበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። «ደረቅ ነው እንዴ አሁን?»

«ደረቅ ነው። በእግርህ ትደርሳለህ።»

ላይል የቀሩትን የሦስቱን መልህቆች ጉድጓድ ማንም ሳይረዳው ቆፈረ።

እሁድ ጠዋት ውሃው መስታወት ሆነ። ላይል ነጂ፣ ቨርን ተመልካች ሆኑ፤ የሚጎተተውን ሰው ወደኋላ እያየ ሲወድቅ የሚናገር ሰው በሕግ ያስፈልጋል።

«ግማሽ ዓይን ያለው ተመልካች ሕጋዊ ነው?» አለ ላይል።

«አንተ ግማሽ ጉልበት ይዘህ ትነዳ የለ!»

ታናሿ ልጅ በሦስተኛ ሙከራዋ ቆመች፤ ታላቋ በአምስተኛው። ዳክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቅለሸልሸው ቆየ፤ ጀልባ ላይ ሳይሆን ከጀልባው ኋላ ቢሆን እንደሚሻለው አወቁ። ከዚያ ላይል ሞተሩን ዝም አሰኝቶ ወደ እህቱ ዞረ።

«ኢንች፣ ተራሽ ነው።»

«ስምንት ዓመት አልቆምኩም።»

«ገመዱ ሰባ አምስት ጫማ ነው። ለክቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ።»

ገባች። መጀመሪያ ወደቀች፤ አፍንጫዋ ውሃ ሞላ። በሁለተኛው ውሃው ጠንክሮ ተሸከማት፤ ቀይ ገደሎቹ በግራና በቀኝ መሸሽ ጀመሩ፤ ላይል ወደኋላ ዞሮ እጁን ሲያውለበልብ ቨርን ወደፊት እንዲያይ ሲጮህበት ሰማች።

ማክሰኞ ጠዋት የቤት ጀልባውን ቆሞ ትተው በላይል ጀልባ ወደ መዳብ ክንድ ገቡ። ውሃው ከሸለቆው መጨረሻ በፊት አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተሰነጣጠቀ ጭቃ፣ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከላይ ደግሞ አሸዋ ነበር፤ ገደሉ ላይ ውሃው ቀድሞ የደረሰበት ነጭ መስመር ከራሳቸው በላይ ይታያል። ሼልቢ ልጆቿን ይዛ ከቨርንና ከዳክስ ጋር ጀልባው አጠገብ ቀረች፤ መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ይሂዱ ብላ።

ኖላ መዝገቡን ይዛ አቅጣጫውን አሳየችው። ላይል ቀደመ። በግራ ጉልበቱ እያነከሰ፣ ግን ሳይቆም ሄደ። መዝገቡ ከጠቆረው አለት ስር በሚለው ቦታ ሲደርሱ «እዚህ ነው፤» አለችው። ላይል ቆቡን አወለቀ። ቀስ ብሎ ተንበረከከና መዳፉን አሸዋው ላይ አደረገ።

«አባባ፣ መጣሁ፤» አለ።

ኖላ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ገደሉ ጥላ እስኪጥልባቸው ድረስ ማንም አልጠራቸውም። ላይል ለመነሳት እጁን ዘረጋላት፤ ይዛ አነሳችው።

«ስንት ሆነ?» አላት አሸዋውን ከሱሪው እያራገፈ። «እየቆጠርሽ ነበር። አውቅሻለሁ።»

«ስድሳ አራት እርምጃ።»

«እኔ ሃምሳ ስምንት ነው ያገኘሁት።»

ኖላ እግሩን አየች፣ የራሷንም አየች። ሜትሩ ጀልባው ውስጥ ነበር፤ ሄዳ አላመጣችውም። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ከቀኑ ስር ጻፈችው፦ ከውሃው ዳር እስከ አባባ ቦታ፣ በላይል እርምጃ ሃምሳ ስምንት፣ በኖላ ስድሳ አራት።